በአመፅ መሐል የተገደለ አርቲስት በኤግዚቢሽን እንዴት ይታሰብ? ቬኒስ ስላየሁት አህመድ ባሲዮኒ

የመስትሬዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ነገር ለዓመታት በሆዴ ይዤው ቆየሁ። ሰሞኑን በዚህ የውይይት መድረክ ስለ ሰማዕታት ሐውልት ስትከራከሩ ሳነብ ነው ልጻፈው ያልኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ጣሊያን አገር፣ መስትሬ ነው። ከቬኒስ በባቡር 10 ደቂቃ ያህል ነው። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። በ2011 (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የምጠብቃቸው ሴትዮ ልጅ አንድ ቲኬት ተርፏት ሰጠችኝ። የቬኒስ ቢየናሌ የሚባል፣ በየሁለት ዓመቱ የሚደረግ ትልቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ነው። ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር አልነበረም። የሄድኩት አንድ ቀን ከቤት ልውጣ ብዬ ነው።

ጃርዲኒ በሚባለው የአትክልት ቦታ ውስጥ አገሮች የየራሳቸው ማሳያ ቤት አላቸው። ከአፍሪካ እዚያ ቋሚ ቤት ያላት ግብፅ ብቻ ናት። ስሟን በሩ ላይ ሳነብ የጎረቤት ቤት ያገኘሁ መሰለኝና ገባሁ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ትልልቅ ስክሪኖች አሉ። አንዱ ላይ አንድ ወጣት ይሮጣል። ፕላስቲክ የመሰለ ልብስ ለብሷል። ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ግን የትም አይደርስም። እዚያው የቆመበት ላይ ነው የሚሮጠው። ሌላው ስክሪን ላይ ሕዝብ ነው። ጩኸት፣ ጭስ፣ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ። ሁለቱ ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባኝም። ቆሜ አየሁ። ልጁ ላብ በላብ ሆኗል። እኔም እሱን እያየሁ ደከመኝ።

ከዚያ ነው ጽሑፉን ያነበብኩት። የሚሮጠው ልጅ ሞቷል። ሕዝቡን በካሜራ የቀረፀውም ራሱ ነው።

ስሙ አህመድ ባሲዮኒ ነው። በ1978 የተወለደ፣ የካይሮ ልጅ፣ የሁለት ልጆች አባት። ጃንዋሪ 28 ቀን 2011፣ በእኛ ጥር 20 ቀን 2003፣ ግብፆች "የቁጣ አርብ" በሚሉት ቀን ታህሪር አደባባይ ላይ ተገደለ። 32 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ካሜራውን ይዞ እየወጣ በፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ የተነሳውን ሰልፍ ይቀርፅ ነበር። አድማ በታኝ ደብድቦት እንኳን ነገም እወጣለሁ ብሎ ፌስቡክ ላይ ጽፏል። እነሱ ጦርነት ከፈለጉ እኛ ሰላም ነው የምንፈልገው፣ የአገሬን ክብር ጥቂት ልመልስ ነው የምለው፣ የሚል ነገር ነው የጻፈው። የሚወጡ ሰዎች ለአስለቃሽ ጭሱ ኮምጣጤ እንዲይዙ፣ ካሜራ እንዲይዙ፣ ፖሊስ ላይ እጃቸውን እንዳያነሱም መክሯል። ሙባረክ ሥልጣን የለቀቀው እሱ ከሞተ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ፌብሯሪ 11 ነው። አላየውም።

ሩጫው ደግሞ ከአመፁ በፊት በ2010 ካይሮ ያቀረበው ሥራ ነው። "30 ቀን በቦታ ላይ መሮጥ" ይባላል። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ለ30 ቀን።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህን ነው። እኔ የሞተ ሰው ሲታሰብ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ፎቶው በጥቁር ጨርቅ ይከበባል፣ ሻማ ይበራል፣ ይለቀሳል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን የሬሳ ፎቶ አላየሁም። ደሙን አላየሁም። ያሳዩኝ ላቡን ነው። ሲተነፍስ፣ ሲደክመው፣ እንደገና ሲነሳ። ወጥቼ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የማላውቀው የሰው አገር ልጅ ነው፣ ግን የማውቀው ሰው የሞተብኝ ያህል አንጀቴን በላኝ። ለእኔ ሰውን ማክበር ማለት ይህ ነው፣ ሥራው ላይ እያለ ማሳየት።

የእናንተን ሐሳብ ልስማ። በተለይ ሥነ ጥበብ የተማራችሁ።

ቀለም_ቀቢው

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ይህን ሰው በአማርኛ የሚያነሳው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እኔ አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ስለ ባሲዮኒ የሰማሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የሰማሁት መሞቱን ነው። ሥራውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው ያወቀው።

ስለዚህ ከሞቱ በፊት ስላለው ሰው ትንሽ ልጨምር። በሄልዋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ፋኩልቲ ያስተምር ነበር። ለዶክትሬቱም እየሠራ ነበር። በሥዕል ጀምሮ ወደ ድምፅና ወደ ዲጂታል ሥራ የገባ ሰው ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ መድረክ ላይ ይጫወት ነበር። ማንም በነፃ አውርዶ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ ክፍት ሶፍትዌሮችን ለተማሪዎቹ ያስተምር ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውድ ፕሮግራም መግዛት የማይችል የካይሮ ተማሪ በእጁ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ድምፅና ምስል መሥራት እንዲችል መንገድ ከፈተለት ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ወደ ሩጫው ስንመጣ፣ ልብሱ ዝም ብሎ ልብስ አይደለም። ራሱ የነደፈው ነው። ውስጡ ሴንሰር አለበት። ምን ያህል እንዳላበው፣ እግሩ ስንት ጊዜ መሬት እንደረገጠ ይለካል። ልኬቱ ያለ ሽቦ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ከዚያ ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን የቀለም ጥልፍልፍ ሆኖ ይወጣል። በሮጠ ቁጥር ሥዕሉ ይቀየራል። ብሩሹ ሰውነቱ ነው፣ ቀለሙ ላቡ ነው። አንቺ "ላቡን አሳዩኝ" ያልሽው ነገር ለዚያ ነው የገረመኝ። ሳታውቂው የሥራውን ልብ ነው የነካሽው።

ሌላም ነገር አለ። ሰውየው 30 ቀን እየሮጠ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሙባረክ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ ለ30 ዓመት ገደማ ገዝቷል። ባሲዮኒ ይህን አስቦት ይሁን አይሁን አልልም። ግን ከጃንዋሪ በኋላ ያንን ቪዲዮ የሚያይ ሰው ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም። ሥራው አንድ ፊልም አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ትርጉሙ ግን በአንድ ቀን ተለወጠ።

ሞጋች

ሁለታችሁም በጥሩ ልብ እንደጻፋችሁ ይገባኛል። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ያ ቤት የማን ነው? የግብፅ መንግሥት ነው። ማሳያውን የሚያስተዳድረው የባህል ሚኒስቴር ነው። ሚኒስቴሩን ከ1987 እስከ 2011 ድረስ የመራው ፋሩክ ሆስኒ ነው፣ እሱም ራሱ ሰዓሊ ነው። የሙባረክ ሰው ነው። ልጁን የገደለው የዚያው መንግሥት ኃይል ነው። ከአራት ወር በኋላ ጁን ላይ ያው መንግሥት ባንዲራውን ተክሎ "ሰማዕታችንን እዩልን" ይላል። ወንበሩ ላይ ያሉት ሰዎች ተቀይረዋል ትሉኝ ይሆናል። ሙባረክ ሲወርድ አገሪቱን የያዘው ወታደሩ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ግጥም አላቸው። "የገደለው ባልሽ የሞተው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ አልወጣ።" ሐዘኑ ከገዳዩ ቤት ካልወጣ ሐዘን ነው ወይ?

ሁለተኛ። በአመፁ 18 ቀናት ቢያንስ 846 ሰው መሞቱን የግብፅ አጣሪ ኮሚሽን ራሱ ነው የተናገረው። ከእነዚህ ውስጥ ቬኒስ የሄደው አንድ ነው። ለምን? አርቲስት ስለሆነ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሹፌሩ፣ ተማሪው ማሳያ ቤት የለውም። የአርቲስት ደም ከሌላው ይበልጣል ወይ?

ክፉ ልሁን ብዬ አይደለም። ይህን ጥያቄ ሳንመልስ "እንዴት ያምራል" ማለት ግን ይከብደኛል።

የመስትሬዋ

ወንድሜ ሞጋች፣ ጥያቄህ ልክ ነው። ቤቱ የማን እንደሆነ ያን ቀን አላሰብኩም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጁት የሚኒስቴሩ ሹማምንት አልነበሩም። አንዱ ሻዲ ኤል ኖሾካቲ የሚባል ሰዓሊና መምህር ነው፣ የባሲዮኒ የቅርብ ሰው። አይዳ ኤልቶሪ የምትባል ባለሙያ ደግሞ አብራው ሠርታለች። ከእሱ ጋር ይሠሩ የነበሩ ጓደኞቹም አሉበት። ጓደኛህ ሞቶ በሩ ሲከፈትልህ "ቤቱ የጠላት ነው፣ አልገባም" ትላለህ? ወይስ ገብተህ የጓደኛህን ሥራ ትሰቅላለህ? እኔ እሰቅላለሁ።

አባይ_ማዶ

በዚያ ጊዜ ካይሮ ነበርኩ። መአዲ ሰፈር፣ ሰው ቤት እሠራ ነበር።

ያን አርብ ጠዋት ስነሳ ስልኬ ይሠራል ብዬ አነሳሁት፣ ሞቷል። ኢንተርኔቱም የለም። አገሩን በሙሉ ነው የዘጉት። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በቴሌቪዥን እሳቱን እያየች፣ እኔ ጋ መደወል አቅቷት ስታለቅስ እንደዋለች የሰማሁት ከቀናት በኋላ ነው። ከሰዓት የጁምዓ ጸሎት ሲያበቃ ከየመስጊዱ ሕዝቡ ወጣ። አሠሪዎቼ በረንዳ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ማታ የገዢው ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ሲቃጠል በቴሌቪዥን አየን። ፖሊስ ከየመንገዱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሌሊቶች የሰፈሩ ወንዶች ዱላና የወጥ ቤት ቢላ ይዘው በየመታጠፊያው ሲጠብቁ ያድሩ ነበር። እኔ ሐበሻ ነኝ፣ መውጣት እፈራለሁ። የሕንፃው ዘበኛ፣ አምላክ ይባርከውና፣ ዳቦ ከታች ድረስ እያመጣ ይሰጠኝ ነበር።

ባሲዮኒ የሚባል ሰው መኖሩን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ፊቱን ያየሁት ኋላ ነው። አመፁ ካለፈ በኋላ ከታህሪር በሚነሳው መሐመድ ማህሙድ መንገድ ግድግዳዎች ላይ የሞቱት ሰዎች ፊት ይሣል ነበር። አማር አቡ በክር፣ አላ አዋድ የሚባሉ ሰዓሊዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ነው የሣሉት። በሴፕቴምበር 2012 የመንግሥት ሠራተኞች ሌሊት መጥተው ነጭ ቀለም ቀቡት። በማግስቱ ሰዓሊዎቹ ተመልሰው መሣል ጀመሩ። በዓይኔ ያየሁት ነው። ለሥራ በዚያ በኩል ሳልፍ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ። ቬኒስ ጥሩ ነው፣ ግን ለማን ነው? እሱ ያስተማራቸው ልጆች ቪዛ አግኝተው ነው የሚያዩት? የሞተው ሰፈሩ ውስጥ፣ የሰፈሩ ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ሲሣል እናቶች ቆመው ያለቅሱ ነበር። ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው ይስሙት ነበር። ቢያጠፉትም ተመልሶ ይሣላል። ለእኔ ክብሩ ያ ነው።

ሰላም_ድ

እኔ የማልቲሚዲያ ተማሪ ነኝ። ካወራችሁት ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ሥራው የሚሮጥ ሰው ይፈልጋል። ሰውየው የለም። ታዲያ አሁን የሚታየው ምንድን ነው? ሌላ ሰው ልብሱን ለብሶ ቢሮጥ ሥራው የእሱ ይሆናል? ወይስ ከእሱ ጋር አብሮ ሞቷል?

ደግሞ ጥያቄውን የማነሳው ከእኛም አገር አንጻር ነው። እዚህም በአካላቸው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ማንም በሥርዓት አይቀርፃቸውም።

ቀለም_ቀቢው

ሰላም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበት።

እኔ ማንም መሮጥ የለበትም ባይ ነኝ። ቬኒስም ማንም አልሮጠም። የታየው ቀረፃው ነው። አንዳንዱ ሥራ ሰው ቢቀየርበት ችግር የለውም፣ እንደ ዜማ ነው፣ ሌላ ሰው ያዜመዋል። ይህኛው ግን የሚለካው የአንድን ሰው ላብ ነው። ሌላ ሰው ከገባበት ቁጥሩም ቀለሙም የሌላ ሰው ይሆናል።

ሥራው አብሮት ሞተ ወይ ላልሽው፣ እኔ አልሞተም ባይ ነኝ። ግን ያልሞተው አጠገቡ ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው ስለነበረ ብቻ ነው። ሩጫውን የቀረፀ፣ ፋይሉን ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ለኤግዚቢሽኑ አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር የሚተርፈው። ስለዚህ ተማሪ ከሆንሽ ምክሬ ይህ ነው። የጓደኞችሽን ሥራ ቅረፂ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሠራውን ሰው ስም ጻፊበት። ሁለት ቦታ አስቀምጪው። ማንም አይፈልገውም ብለሽ እንዳትተዪው።

የልደታ_ልጅ

ብዙውን ጊዜ እዚህ አንብቤ ነው የምወጣው። "ጉርድ ፎቶ" የሚለውን ሳነብ ግን እጄ መጻፍ ጀመረ።

አባቴ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ነው የሞተው። በእኛ አቆጣጠር። እኔ የስምንት ወር ልጅ ነበርኩ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። አንድ ማታ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ሬሳውን አላገኘንም። አሁን እኔ እሱ ከሞተበት ዕድሜ እጥፍ ገደማ ነኝ።

መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ2010 በፈረንጅ ነው የተከፈተው። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው። ረድፍ በረድፍ፣ ወጣት ፊት ብቻ። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንት አለ፣ ልብስ አለ። እናቴን አንድ ጊዜ ወስጃት ነበር። በሩ ድረስ መጥታ "እኔ አልገባም፣ አንተ ግባ" አለችኝ። ገባሁ። ሙዚየሙ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ባይኖር ኖሮ ሁሉ ነገር ይካድ ነበር። ግን የእነዚያን ሁሉ ልጆች ፎቶ እያየሁ የተሰማኝ፣ እንዴት እንደሞቱ አውቄ ምን ይሠሩ እንደነበር አለማወቄ ነው። አንዱ ኳስ ይጫወት ነበር? አንዷ ትዘፍን ነበር?

የአባቴም እንደዚያው ነው። አንድ ጉርድ ፎቶ አለን። ለመታወቂያ የተነሳው ነው። አይስቅም። ሕይወቴን ሙሉ ያንን ፎቶ ሳይ ሟች ነው የማየው። የመስትሬዋ እህታችን "ላቡን አሳዩኝ" ስትል ቀናሁ። አባቴ ሲያላበው አይቼ አላውቅም።

ሞጋች ወንድሜ የአርቲስት ደም ይበልጣል ወይ ብሏል። አባቴ አርቲስት አልነበረም። እና ግን ለዚያ ግብፃዊ የተደረገለት ነገር ለአባቴም ቢደረግለት እወዳለሁ። ከ846ቱ ውስጥ ለአንዱ በመደረጉ አልከፋም። ለአንዱ ሲደረግ እንዴት እንደሚደረግ ታየ።

የመስትሬዋ

ጋሼ፣ ያነበብኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሴትዮዋ "ምን ሆንሽ?" አሉኝ። መመለስ አቃተኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባትዎ መምህር ከነበሩ በእጃቸው የሠሩት ነገር አልቀረም? ያን ጊዜ መምህራን የማስተማሪያ ሥዕል ራሳቸው ነበር የሚሠሩት። እኔ ስማር ግድግዳው ሁሉ መምህራችን በማኒላ ወረቀት የሣሏቸው ነገሮች ነበሩ። ደብተር ቢሆን፣ የእጅ ጽሑፍ ቢሆን። እናትዎን ይጠይቋቸው እስቲ።

ከርዕሱ እንዳልወጣ እንጂ፣ በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ የራሷን ማሳያ ስትከፍት ሄጄ ነበር። ጃርዲኒ ውስጥ ሳይሆን ከተማው ውስጥ፣ ፓላዞ ቦላኒ የሚባል ቤት ነው። ሰዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። አዘጋጁ ገጣሚው ለምን ሲሳይ። በሩ ላይ የአገሬን ስም ሳይ ያን የግብፅ ቤት አስታወስኩ። ተስፋዬ በሕይወት አለ። ቆሞ ሰው ያነጋግራል። የሣላቸው ሰዎች ሥጋቸው የተጣጠፈ፣ የደከመ፣ ግን ዓይናቸው የማይፈራ ነው። ያን ቀን በደስታ ነበር ያለቀስኩት።

ሞጋች

የልደታ ልጅ፣ ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። የጻፍኩት እርስዎን የሚያሳዝን ሆኖ ከሆነ ከልቤ ነው ይቅርታ የምለው።

ስለ መንግሥት ያልኩትን አልመልስም። ገዳይ የሞተውን ሲያነግሥ መጠርጠር አለብን። ስለ 846ቱ ያልኩት ላይ ግን ተሸንፌያለሁ። እኔ "ለአንዱ ብቻ ለምን?" ብዬ ነበር። እርስዎ "ለሌላውም ይደረግ" አሉ። የእርስዎ ይሻላል።

አባይ ማዶ ያነሳው ግን አልተመለሰም። ቬኒስ የታየው ነገር ካይሮ ላሉት ተማሪዎቹ እንዴት ይድረስ?

አባይ_ማዶ

ሞጋች፣ እኔም መልሱ የለኝም። ግን አሁን ሳስበው ግድግዳውም ኤግዚቢሽኑም ያስፈልጋል። ግድግዳው ፊቱን ነው የሚያሳየው። እንደሮጠ፣ ሴንሰር እንደሠራ፣ ተማሪዎቹን ምን እንዳስተማረ ግድግዳው አይናገርም። እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌ ሙያው ምን እንደሆነ ያወቅኩት ዛሬ ከእናንተ ነው።

የልደታ_ልጅ

ተመልሼ መጣሁ። እናቴን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ "ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ አውርድ" አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ሻንጣ አውቀዋለሁ፣ የድሮ ልብስ ያለበት ነበር የሚመስለኝ።

ከሥሩ ማኒላ ወረቀት አለ። አራት ቦታ የታጠፈ። የቡና ተክል ነው። ሥሩ፣ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፍሬው። እያንዳንዱ ላይ መስመር አውጥቶ ስሙን ጽፏል። እጅ ጽሑፉ ያምራል። ፍሬዎቹን በቀይ ነው የቀባቸው፣ አንዱ ፍሬ ላይ ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቷል። "ቅጠል" የሚለውን መጀመሪያ ተሳስቶ ነበር፣ ሰርዞ ከላይ ጽፎታል። ያንን ስርዝ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳየው ነበር።

እናቴ ሲሠራው መብራት ጠፍቶ በኩራዝ እንደጨረሰው ነገረችኝ። ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር።

አሁን ችግሬ ይህ ነው። መታጠፊያው ላይ ወረቀቱ ሊሰነጠቅ ደርሷል። አንዱ ጫፍ ጀምሯል። ልዘረጋው እፈራለሁ። በፕላስተር ልለጥፈው ስል እናቴ ከለከለችኝ። ቀለም ቀቢው፣ ምን ላድርግ?

ቀለም_ቀቢው

ጋሼ፣ እናትዎ ልክ ናቸው። ፕላስተር በፍጹም አያድርጉበት። ሙጫው በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው። በካውያም አይተኩሱት፣ ውሃም አይንካው።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ያንጥፉ። ወረቀቱን በግድ አይዘርጉት። የሚከፈተውን ያህል ብቻ ከፍተው እንደዚያው ይተዉት፣ ለአንድ ቀን ያህል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ክፍል ይሁን። በማግስቱ ትንሽ ይከፍቱታል። እንደዚያ እያደረጉ ቀስ በቀስ። ሙሉ ሲዘረጋ ከላይ ንጹሕ ወረቀት ያልብሱትና ጠፍጣፋ ነገር ያስቀምጡበት፣ በጣም የማይከብድ። የተሰነጠቀውን ጫፍ አይንኩት፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የወረቀት ጥገና የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ እነሱን እንጠይቃለን። አብሬዎት እሄዳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አሁኑኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በቅርበት። ስርዙን እንዳይረሱት።

እናትዎ ስለ ኩራዙ የነገሩዎትንም ድምፃቸውን ይቅረፁት። ስማቸውንና ቀኑን መጀመሪያ ላይ ይናገሩ።